የእንጉዳዩ ቅርጫ

በጽሑፍ እንዲቀር የምፈልገው በደል ይኸ ነው። እኛን አሮጊቶቹን፣ ከእንጉዳይ የተሠራ የጉንፋን መከላከያ ሞክሩልን አሉን፤ እሺ አልን። ከሚታደለው ብልቃጥ ግማሹ መድኃኒት፣ ግማሹ ውሃ መሆኑ ከግድግዳው ማዶ ለሚቀመጡት ሩሲያውያን በሩሲያኛ ተነገራቸው። ለእኛ በአማርኛ አልተነገረንም። በራሳችን መንገድ ስንደርስበት፣ ሕሊና ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አድርገን ነገሩን እኩል አደረግነው። ያኔ አጥፊዎቹ እኛ ሆንን፤ ከጥናቱ አወጡን። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃውን ከአማርኛው ውስጥ ያወጣው ማን ነው? መልሱን እስካገኝ ስንት ኮሪደር ላይ እንደተቀመጥኩ ወገቤ ያውቃል።

«ተዪው፣ ትንሽ ነገር ናት» ብለውኛል ልጆቼ። ሰው ትንሽ ነገር የሚለው ሁልጊዜ የሌላውን ነገር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ያውም ከብቶቹ ውሃ ወርደው እስኪመለሱ ባለችው ጊዜ ነው። ዕብራይስጡን ደግሞ ኡልፓን፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ ገብቼ ከአስተማሪዋ ጋር እስክጣላ ድረስ ተምሬዋለሁ። ይኸን ለመጻፍ ይበቃኛል።

የምንውለው እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን፣ ሺምሾን ሰፈር ካለው የአረጋውያን መዋያ ነው። አንድ ኮሪደር፣ ሁለት ክፍል። በአንዱ ሩሲያውያኑ ዶሚኖ ያንኳኳሉ። በሌላው እኛ ሰባት ሴቶች አንድ ጠረጴዛ ከብበን እንቀመጣለን። ሥራችን ሹራብ መሥራት ነው ይባላል። ሥራችን ሰው ማማት ነው፤ ሹራቡ እጃችን እንዳይቦዝን ነው። ሁለቱ ክፍሎች የሚጋሩት አንድ ሚክላት፣ የሮኬት መጠለያ፣ አለ። ሲረን ሲጮህ አብረን እንገባለን፣ አብረን እንወጣለን፣ ከዚያ ውጭ ከሰላምታ አናልፍም።

ከጎኔ የምትቀመጠው ጎረቤቴ ናት። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ የምንተዋወቀው ግን ከፎቅ በፊት ነው፣ ጎንደር ገጠር አንድ ወንዝ ቀድተናል። ደረቷ ደካማ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ጉንፋን ይይዛትና ወደ ሳንባዋ ይወርዳል፣ ከዚያ ሆስፒታል። በኮሮናው ጊዜ ጠያቂ በተከለከለበት ብቻዋን ተኝታ ነበር። ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ገብተው ሲወጡ እያየች፣ «ሞቼ ይሆን እንዴ፣ ማንስ ይነግረኛል» ትል እንደነበር ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከሳለ ትወርዳለች። የሚቀጥለው እስኪመጣ የባሕሩ ነፋስ ላይ ትቆማለች፤ የሸሸችውን ጉንፋን እዚያው ታገኘዋለች።

እንዲህ ባለ ወቅት ነው ዶክተሯ የመጣችው። ሐኪም ብቻ ሳትሆን ተመራማሪም ናት። ነጭ ልብስ አልለበሰችም፣ የሩጫ ጫማ አድርጋ፣ በእጇ የመስታወት ዕቃ ይዛለች። ዕቃው ውስጥ የእንጨት ቁራጭ አለ፤ እንጨቱ ላይ የጎሽ ጆሮ የሚያህል ነገር በቅሏል፣ ዙሪያውን ነጭ ፀጉር አውጥቷል። አብራት አስተርጓሚ አለች። ያቺ የእኛው ልጅ ናት። እዚህ የተወለደች፣ ራሷ የልጆች እናት የሆነች፣ አያቷን እናቷን የምናውቅ፣ እሷንም ጡት ስትጥል ጀምሮ የምናውቃት። አማርኛዋ ደህና ነው፤ ሲጨንቃት ግን ወደ ዕብራይስጥ ትሸሻለች።

«ይኸ ፒትሪያ ነው» አለች ዶክተሯ።

«እንጉዳይ ነው እያለች ነው» አለች አስተርጓሚዋ።

«የጅብ ጥላ በያ» አሏት የጠረጴዛችን ታላቅ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ እየሳቡ። እውነታቸውን ነው። በአገራችን ዝናብ ሲያባራ ሜዳውን ይሞላው ነበር፤ እኛ በእግራችን እንመታው ነበር እንጂ አፉ ያደረሰው ሰው አላውቅም።

«አትበሉትም እኮ እትዬ፤ የምትጠጡት ከእሱ የወጣውን ነው።»

«ጥላውን በጥብጬ ልጠጣ ነዋ።»

ዶክተሯ ምን እንደተባለ ጠየቀች፤ ተነገራት፤ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ይኸኛው እንጉዳይ ግንድ ላይ የሚበቅል ነው። እሱንም ቫይረስ ያጠቃዋል። መሮጥ አይችል፣ መደበቅ አይችል፣ ስለዚህ ሰውነቱ ውስጥ ራሱን የሚከላከልበትን ነገር ይሠራል። እነሱ ስኳር ባለው ውሃ ውስጥ በትልቅ ጋን ያሳድጉትና ያንን ነገር ለይተው ያወጡታል። ቫይረሱ ወደ ሰውነታችን ልግባ ሲል በሩን ይዘጋበታል ብለው ያስባሉ። በብልቃጥ ውስጥ ዘግቷል። በሰው ላይ ይዘጋ እንደሆነ ግን ገና አላወቁም።

«ማለት እንጉዳይም ጉንፋን ይይዘዋል?» አልኩ።

«በራሱ መንገድ፣ አዎ» አለች ዶክተሯ።

«ምስኪን» አለች አንዷ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ጎረቤቴ አልሳቀችም። ዕቃውን ወደ ራሷ ስባ ጆሮውን ትክ ብላ አየችው። «ስሙኝማ» አለች። «ሳሉ ከሚመጣብኝ ጅቡ ራሱ ይምጣ። ስጡኝ።»

እሷን ብቻዋን ማን ይተዋታል? ሁላችንም ገባን። ከዚያ በኋላ ዶክተሯ ብዙ ተናገረች፣ አስተርጓሚዋም ብዙ ተናገረች። አንድ ጊዜ ዶክተሯ ረጅም ተናግራ አስተርጓሚዋ አጭር ስትመልስ አይቻለሁ። ዕብራይስጥ ወሬ ያበዛል ብዬ አለፍኩት።

ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። ጣዕሙ ዝናብ የገባበትን ግድግዳ የመላስ ያህል ነው። እትዬ በየዕለቱ ሲውጡት ሰፈሩ እንዲያውቅላቸው ይፈልጉ ነበር። ጎረቤቴ ግን እንደ ማር ነበር የምትወስደው። ዝናቡ ጀመረ፣ በረታ፣ እሷ አልተኛችም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲስል መውረድ ተወች። እንዲያውም አንድ ቀን ከማዕከላዊ ጣቢያው ስንመለስ አጠገባችን አንድ ወታደር ደረቱ እስኪቀደድ ሳለ፤ እሷ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ሰጠችው። እንዲህ ስታደርግ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። በየወንበሩ ሰው መሸሽ ትታ ሰው መሆን ጀምራ ነበር።

ከዚያ ሲረን ጮኸ። ሚክላቱ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠችው ዶሚኖ የምታጭበረብረው ወፍራሟ ሩሲያዊት ነበረች። የሷም ዕብራይስጥ ያነክሳል፣ የእኔም ያነክሳል፤ ተደጋግፈን እንሄዳለን።

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። «ያንቺ ውሃ ነው ወይስ እንጉዳይ?»

«ምን ውሃ?»

«ብልቃጡ ነዋ። ግማሹ ውሃ አይደል። ባሌ የኔ ውሃ ነው ይላል፣ አሁንም ስለማንኮራፋ። እኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየተወራረድን ነው፣ በሱፍ ፍሬ።»

«ማን ነገራችሁ?»

«ዶክተሯ ናት እንጂ። በአስተርጓሚ። እናንተን አልነገረቻችሁም?»

ውጭ ከሩቅ አንድ ነገር ፈነዳ። ሰው ሁሉ ጣሪያውን አየ። እኔ የሷን አፍ ነበር የማየው።

ጠረጴዛችን ስንመለስ ተናገርኩ። ማንም አላመነኝም፤ እትዬም፣ «ሩሲያዊቷ ልታናድድሽ ነው» አሉኝ። ብልቃጦቻችንን አወጣን። ሰባቱንም በየተራ ቀመስን። ሁሉም ያው ዝናብ የገባበት ግድግዳ ነው። ሄጄ የመዋያውን ኃላፊ ጠየቅኋት፤ «አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ አታውቁም ነበር?» አለችኝ። እንግዲህ ውሃውንም አምርረውታል ማለት ነው። ተቀምጠው፣ አስበው፣ ቀምመው ውሃ አምርረዋል። ለመንገር ጊዜ አላገኙም፤ ውሃ ለማምረር ግን አግኝተዋል።

ጎረቤቴ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ አንሥታ ብርሃን ላይ አየችው። «የኔ ውሃ ቢሆንስ?» አለች። ያንን ወታደር እያሰበች እንደነበር አውቃለሁ።

«ምን ያነጋግራል» አሉ እትዬ። «ቅርጫ ነዋ።»

ቅርጫ የማያውቅ አበሻ የለም፤ ይኸን የሚያነብ የልጅ ልጅ ቢኖር ግን ልንገረው። በሬ በማኅበር ይገዛል። ሲታረድ ጉበቱን አንዱ፣ ቀንዱን ሌላው አይወስድም። ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከጎድኑም ለእያንዳንዱ መደብ ትንሽ ትንሽ ይደረጋል። አንዱ መደብ ከሌላው እንዳይበልጥ እስኪያጨቃጭቅ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ብቻ ዕጣ ይጣላል። እዚህ አሽቀሎንም በበዓል ዋዜማ እናደርገዋለን፤ ድሮ ጭራሮና ጠጠር የነበረው ምልክት የመኪና ቁልፍና የአውቶቡስ ካርድ ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እናም ቅርጫ አደረግነው። ሰባቱን ብልቃጥ በመዋያው የውሃ ጆግ ውስጥ ገለበጥን። በሹራብ መሥሪያዬ አማሰልኩት፤ ያ ሹራብ መሥሪያ በዚያ ቤት ውስጥ ያኔ ነው ሥራ የሠራው። መልሰን ስንቀዳ እትዬ ጎንበስ ብለው የሁሉንም ከፍታ በዓይናቸው ለኩ። አንዷ በዛላት፤ ተቀነሰባት። ዕጣ አላስፈለገንም፣ ሁሉም አንድ ሆኗል። ጎረቤቴ የድርሻዋን ማንኪያ እዚያው ጠጣችና፣ «ቢያንስ ቢያንስ ጥቂት አለበት» አለች።

አዲስ ብልቃጥ በመጣ ቁጥር እንደዚያው እናደርግ ነበር። አልደበቅነውም። ምን የሚደበቅ ነገር ሠራን? ዶክተሯ ደግማ ስትመጣ፣ ጎረቤቴ ራሷ በደስታ ነገረቻት። «በይ ንገሪልኝ» አለቻት አስተርጓሚዋን። «አሁን ሁላችንም እኩል ሆነናል በያት። ጆግ ውስጥ እያደባለቅን እንካፈላለን።»

አስተርጓሚዋ ወደ ጆጉ ዞረች።

«ምን አለች?» አለች ዶክተሯ።

አስተርጓሚዋ በትንሽ ድምፅ ተረጎመችው። ዶክተሯ የሩጫ ጫማዋን አየች፣ ጆጉን አየች፣ ቀስ ብላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የዚህ ጠረጴዛ ነገር አብቅቷል፣ የእናንተ ከእንግዲህ ሊቆጠር አይችልም ብላ፣ ብልቃጦቹን ሰብስባ ሄደች።

በማግስቱ ጎረቤቴ አልመጣችም። በሳምንቱም አልመጣችም። ወደ ፎቋ ወጥቼ አንኳኳለሁ፤ በሩን ሳትከፍት ታናግረኛለች።

«አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ክፈቺያ።»

«አንቺ ከሰው መሃል ነው የመጣሽው እቴ። እኔ እኮ አሁን ምንም የለኝም።»

ይኸን ነው በደል የምለው። መድኃኒቱን ወሰዱባት አልልም፣ መድኃኒት ይሁን አይሁን እነሱም አያውቁም። የወሰዱባት አውቶቡሱን ነው።

ሹራቤን ይዤ ከማዕከላዊ ጣቢያው አውቶቡስ ተሳፈርኩና የዶክተሯ ቢሮ ወዳለበት ከተማ ሄድኩ። በሯ ላይ ያለችው ጸሐፊ፣ «ቶር አለሽ?» አለችኝ። ቀጠሮ ማለቷ ነው።

«የለኝም። እስኪደርሰኝ እቀመጣለሁ።»

«ቶር ከሌለሽ አይደርስሽም።»

«እንግዲያው ብዙ እቀመጣለሁ።»

የዚያን ቀን አልደረሰኝም። ደግሜ ሄድኩ። ወደ ሌላ ፎቅ ላኩኝ፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው ነገሩ የአስተርጓሚዎች ክፍል ነው አለኝ። የአስተርጓሚዎቹ ክፍል ነገሩ የዶክተሯ ነው አለኝ። በዚህ መሃል የአንድ ሹራብ ጀርባ ጨረስኩ። በመጨረሻ ዶክተሯ ራሷ ሻይ ልታመጣ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፤ ሁለት ሻይ ይዛ ተመለሰች።

«ለምን ቀላቀላችሁት?» አለች።

«ለምን ሳትነግሩን ውሃ አጠጣችሁን?»

ቀስ እያለች፣ የኔ ዕብራይስጥ በሚደርስበት ቃል አስረዳችኝ። «እናንተ ሁላችሁ እንጉዳዩን ብትጠጡና ጉንፋን ባይዛችሁ፣ ምን እላለሁ? እንጉዳዩ ነው? ወይስ ክረምቱ ቀላል ነበር? ወይስ ደስ ስላላችሁ ነው? ውሃ የጠጣ ሰው አጠገቡ ከሌለ አላውቅም። ሳላውቅ ደግሞ መድኃኒት ነው ብዬ ለሰው ብሰጥ ውሸታም እሆናለሁ።»

ገባኝ። እንዲህ የሚገባ ነገር መሆኑ ነው ያናደደኝ። «ይኸን ብትነግሪን እኮ ይገባን ነበር» አልኳት።

«ተነግሯችኋል። ሁሉም ይነገረዋል።»

«በሩሲያኛ።»

ሻይዋን አስቀመጠች። «ለአስተርጓሚዋ አንድ በአንድ ነው የነገርኳት» አለች። «ደግሞ አድልዎ የለበትም። በዕጣ ነው። ማን ምን እንደያዘ እኔም አላውቅም።»

«እኛም ዕጣ እንጥላለን» አልኩ። «የእኛ ዕጣ ግን መደቡ እኩል ከሆነ በኋላ ነው የሚጣለው። ያንቺ ዕጣ አንዱን ጉበት፣ አንዱን ቀንድ ያደርሰዋል።»

ጉበትና ቀንድ እስክትረዳ ድረስ ስለ በሬው ሁሉ ልነግራት ግድ ሆነብኝ። ጸሐፊዋም በሩን ከፍታ ታዳምጥ ነበር። ዶክተሯ ካዳመጠች በኋላ ጥቂት አሰበችና፣ «ጉበቱ የትኛው እንደሆነ ገና አላውቅም» አለችኝ። «እሱን ነው የምፈልገው። ምናልባት ሁለቱም ቀንድ ናቸው።»

ሻዬን እስከ አተላው ጠጣሁ።

«የጎረቤቴ የትኛው ነበር?» አልኳት።

«ከቀላቀላችሁት በኋላ የማንም የማንም አይደለም።»

ቢሆንም ፍትሕ የማታውቅ ሴት አልነበረችም። አዲስ ቡድን ልትጀምር ነበር፤ ከእኛ የፈለገ እንደገና መግባት ይችላል፣ ሁሉም ነገር ከነውሃው ከተነገረ በኋላ። መድኃኒቱ መልካም ሆኖ ከተገኘ፣ ውሃ የደረሳቸው ሰዎች በኋላ ያገኙታል። ይኸኛውን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት።

ጎረቤቴን ከቤቷ ያወጣሁት፣ በዶክተሯ ቢሮ ለአዲሱ ቡድን ይኸ ሁሉ ለሚነገርበት ቀን ነው። በነጠላዋ አፏን ሸፍና፣ ደረጃው ላይ ከሰው ሁሉ እየሸሸች መጣች። አስተርጓሚዋ ቆማ፣ ከዶክተሯ አፍ ቃሉ በወጣ ቁጥር እየተቀበለች፣ ሳታሳጥር ነገረችን። ውሃ የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ እኔን አላየችኝም።

«የሚደርሰኝ ውሃ ሊሆን ይችላል?» አለች ጎረቤቴ።

«ይችላል፣ እማማ።»

«እኔ አላውቅም?»

«አታውቂም።»

«እሷስ?» ወደ ዶክተሯ አመለከተች።

«እሷም አታውቅም።»

ጎረቤቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። «እንግዲያው እኔና እሷ እኩል ነን» አለች። «ስጪኝ።»

ገባች። እኔም ገባሁ። አለመቀላቀላችንን በእግዚአብሔር ስም ቃል ገባን። እትዬ አልገቡም፤ የሚበቃኝን ያህል ጥላ ጠጥቻለሁ አሉ። ያን ዕለት ጎረቤቴ ወደ ሰፈር የተመለሰችው በአውቶቡስ ነው። አንዲት ሴት ሳለች። ጎረቤቴ ዞራ አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ መቀመጫዋን አጥብቃ ያዘች፤ አልወረደችም።

የቀረኝ ጥያቄዬ ነበር። ጥፋቱን ከዶክተሯም፣ ከቢሮውም፣ ከሩሲያውያኑም ፈልጌያለሁ፤ ከእኛ ቤት አልፈለግሁም። ለሚቀጥለው ብልቃጥ ስትመጣ አስተርጓሚዋን መዋያው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ገና ስታየኝ ወደ ዕብራይስጥ ሸሸች፤ ጊዜው አጭር ነበር፣ ብዙ ሰው ነበር፣ ምናምን።

«በአማርኛ» አልኳት። «ውሃውን ለምን አወጣሽው?»

ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ የእናቷ ነው።

«እማማ፣ አውቃችኋለኋ» አለች። «ያን ዕለት ብነግራችሁ ኖሮ፣ ዶክተሯ መኪናዋ ውስጥ ሳትገባ ቅርጫ ታደርጉት ነበር።»